አንድ ብዛት በሦስት አጻጻፍ፦ ክፍልፋይን፣ አስርዮሽንና ፐርሰንትን ስለ መለወጥና ስለ ማወዳደር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆችና ተማሪዎች፤

የዛሬው ርዕሳችን ሁላችንም በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያለፍንበት ነው፤ ክፍልፋይን ወደ አስርዮሽ፣ አስርዮሽን ወደ ፐርሰንት፣ ፐርሰንትን ደግሞ መልሶ ወደ ክፍልፋይ መለወጥ፣ ከዚያም ከሁለት ወይም ከሦስት ቁጥሮች የትኛው እንደሚበልጥ መለየት። ጉዳዩ የታወቀ በመሆኑ ብዙ ጊዜ እንደ ቀላል ይታለፋል። ነገር ግን 3/4፣ 0.75 እና 75% በሦስት የተለያዩ ምዕራፎችና በሦስት የተለያዩ የአሠራር ደንቦች ስለሚቀርቡ፣ ተማሪው ሦስቱም በቁጥር መስመር ላይ አንዲት ነጥብ ብቻ እንደሚያመለክቱ ሳይገነዘብ ደንቦቹን ሸምድዶ ያልፋል። የሸመደደው ደንብ ከጊዜ ብዛት ሲደበዝዝ፣ ያገኘው መልስ ልክ መሆን አለመሆኑን የሚያመዛዝንበት ነገር በእጁ አይቀርም።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ በተካሄደ አገር አቀፍ ምዘና፣ ዕድሜያቸው 13 ዓመት የሆኑ ተማሪዎች 12/13 እና 7/8 ሲደመሩ ወደ ስንት እንደሚጠጉ ተጠይቀው ነበር። ማስላት አልተጠየቁም፤ ከ1፣ ከ2፣ ከ19 እና ከ21 መካከል ለድምሩ የሚቀርበውን መምረጥ ብቻ ይበቃቸው ነበር። ሁለቱም ክፍልፋዮች ከ1 ጥቂት ብቻ ስለሚያንሱ ድምራቸው ወደ 2 ይጠጋል። ይህን መልስ የመረጡት 24 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከግማሽ የሚበልጡት 19ን ወይም 21ን መረጡ። 19 የላይኛዎቹ ቁጥሮች ድምር ነው፤ 21 ደግሞ የታችኛዎቹ። እነዚህ ልጆች መደመር አልተሳናቸውም። የተሳናቸው 12/13 ራሱ አንድ ቁጥር መሆኑን፣ መጠኑም ከአንድ በጥቂቱ የሚያንስ መሆኑን ማየት ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያዩት እላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ንግግር የምሟገትለት ሐሳብ አንድ ነው። ክፍልፋይ፣ አስርዮሽና ፐርሰንት የሚለያዩት ብዛቱን በሚቆጥሩበት አሃድ ብቻ ነው። መለወጥ ማለት ያንኑ ብዛት በሌላ አሃድ እንደገና መቁጠር ነው፤ ማወዳደር ማለትም ሁለት ብዛቶችን በአንድ አሃድ ቆጥሮ ቆጠራዎቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ተማሪው ይህን ከያዘ፣ «ነጥቡን ሁለት ቤት አንቀሳቅስ»፣ «ላዕሉን ለታህቱ አካፍል»፣ «በመስቀለኛ አባዛ» የሚሉት ትእዛዞች ሁሉ ከዚሁ ሐሳብ የሚወጡ እንደሆኑ ያያል፤ አንዱን ቢረሳ እንኳ መልሶ ሊያገኘው ይችላል።

ከክፍልፋይ እንጀምር። 5/8 ስንል ታህቱ 8 የአሃዱን ዓይነት ይነግረናል፤ አንዱን ሙሉ ለስምንት እኩል ከፍለን ያገኘነው ስምንተኛ አሃዳችን ነው ማለት ነው። ላዕሉ 5 ደግሞ ከዚህ አሃድ ስንት እንዳለን ይቆጥራል። እዚህ ላይ የክፍልፋይ ታላቅ ነፃነት ይታያል፤ ማንኛውንም አሃድ መምረጥ ይፈቀድለታል፤ ሰባተኛ፣ አሥራ ሦስተኛ፣ ሁለት መቶ አሥራ አንደኛ። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነፃነት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍልፋይ የራሱን አሃድ ይዞ ስለሚመጣ ሁለቱን በቀጥታ ማስተያየት አይቻልም።

የጥንት ግብፃውያን በዚህ ነገር ብዙ ደክመዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ አህሜስ የተባለ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ እንደሚታየው፣ ከሁለት ሦስተኛ በቀር ክፍልፋዮችን ሁሉ ላዕላቸው 1 የሆኑ የተለያዩ ክፍልፋዮች ድምር አድርገው ይጽፉ ነበር። ለምሳሌ 2/5ን 1/3 + 1/15 ብለው ይጽፋሉ። ፓፒረሱ ላይ 2ን ለ101 እስከ ማካፈል ድረስ የሚዘልቅ ሠንጠረዥ ተዘጋጅቷል፤ ምን ያህል ድካም እንደጠየቀ መገመት አያዳግትም። አሁን በዚህ አጻጻፍ 1/3 + 1/15 ይበልጣል ወይስ 1/4 + 1/8 ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መጀመሪያው 2/5፣ ሁለተኛው 3/8 ነው፤ ነገር ግን አራት የተለያዩ አሃዶች በአንድ ጊዜ ፊታችን ስለተደቀኑ መልሱን ዓይን አያነበውም። ሁለቱንም በአርባኛ ብንቆጥር ግን አንዱ 16 አርባኛ፣ ሌላው 15 አርባኛ ይሆናል፤ ጉዳዩ በአንድ እይታ ይቋጫል።

የጋራ ታህት መፈለግ የምንለው ይኸው ነው። 5/8ን ከ7/11 ጋር ለማወዳደር፣ ስምንተኛውንም አሥራ አንደኛውንም ሳይተርፍ የሚቆጥር አሃድ ያስፈልገናል፤ ይህም ሰማንያ ስምንተኛ ነው። አንድ ስምንተኛ 11 ሰማንያ ስምንተኛዎችን ይይዛል፤ ስለዚህ አምስቱ 55 ይሆናሉ። አንድ አሥራ አንደኛ 8 ሰማንያ ስምንተኛዎችን ይይዛል፤ ሰባቱ 56 ይሆናሉ። 7/11 በአንድ ሰማንያ ስምንተኛ ይበልጣል። በመስቀለኛ ማባዛት የሚባለው ዘዴ፣ ማለትም 5 በ11፣ 7 በ8 ማባዛት፣ ይህንኑ ሥራ ታህቱን ሳይጽፍ ይሠራል። ዘዴው ጥሩ ነው፤ ሆኖም 55 እና 56 የምን ቆጠራ እንደሆኑ ያልተነገረው ተማሪ፣ የትኛው ብዜት የየትኛው ክፍልፋይ እንደሆነ በቀላሉ ያምታታል። በእኔ እምነት ዘዴው ሊሰጥ የሚገባው ተማሪው በጋራ ታህት ደጋግሞ ከሠራና ታህቱን መጻፍ አላስፈላጊ መሆኑን ራሱ ካስተዋለ በኋላ ነው።

ማስላት የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎችም ብዙ ናቸው፤ አስተዋይ ሰው ወደ ስሌት ከመሮጡ በፊት እነርሱን ይፈትሻል። 5/7 እና 5/9 እኩል ቁጥር ያላቸው አሃዶች ናቸው፤ ሰባተኛ ከዘጠነኛ ስለሚበልጥ 5/7 ይበልጣል። 4/9 ከግማሽ ያንሳል፤ 6/11 ደግሞ ከግማሽ ይበልጣል፤ ሌላ ነገር መጠየቅ አያሻም። 17/18ን እና 23/25ን ለማወዳደር እያንዳንዱ አንድ ለመሙላት ምን እንደሚቀረው መመልከት ይበቃል፤ ለመጀመሪያው 1/18፣ ለሁለተኛው 2/25 ይቀረዋል። 2/25 ከ2/36 ማለትም ከ1/18 ስለሚበልጥ፣ ብዙ የሚቀረው 23/25 ትንሹ ነው። እንዲህ ዓይነቱ አስተሳሰብ የቁጥሩን መጠን በዓይነ ልቦና እንድናይ ያስገድደናል፤ ከላይ የጠቀስኋቸው የ13 ዓመት ልጆች ያጡትም ይህንኑ ነበር።

አስርዮሽ የክፍልፋይን ነፃነት ሆን ብሎ ይገድባል። አሃዶቹ አሥረኛ፣ መቶኛ፣ ሺህኛ እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው አሥር ጊዜ ያንሳል። በሳማርካንድ ይሠራ የነበረው ጀምሺድ አልካሺ እ.ኤ.አ. በ1427 ባጠናቀቀው የሒሳብ ሥራው አስርዮሽ ክፍልፋዮችን በሥርዓት ተጠቅሞባቸዋል። በአውሮፓ ደግሞ የፍላንደርስ ተወላጁ ሲሞን ስቴቪን እ.ኤ.አ. በ1585 ባሳተመው አነስተኛ ጽሑፍ፣ ማንኛውም የቀያሽና የነጋዴ ስሌት ክፍልፋይ ሳያስፈልገው እንደ ሙሉ ቁጥር ሊሠራ እንደሚችል አስረዳ። የስቴቪን አጻጻፍ ዛሬ የምንጠቀምበት ነጥብ አልነበረውም፤ በየአኃዙ አጠገብ በክብ ውስጥ የተጻፈ ቁጥር ቤቱን ያመለክት ነበር። ትልቁ ጥቅም ግን ያኔም ግልጽ ነበር፤ አሃዶቹ ለሁሉም ቁጥር አንድ ዓይነት ስለሆኑ ማወዳደር ከግራ ወደ ቀኝ ማንበብ ብቻ ይሆናል።

ይህ ማለት ግን የአስርዮሽ ንጽጽር ከስህተት የጸዳ ነው ማለት አይደለም። መምህራን የምታውቋቸው ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንዱ ተማሪ 0.45 ከ0.6 ይበልጣል ይላል፤ 45 ከ6 ስለሚበልጥ። ሌላው ደግሞ 0.3 ከ0.34 ይበልጣል ይላል፤ አሥረኛ ከመቶኛ ስለሚበልጥ አጭሩ ቁጥር ትልቅ ነው ብሎ ስላሰበ። የመጀመሪያው አሃዱን ጨርሶ ረስቷል፤ ሁለተኛው አሃዱን ብቻ አይቶ ቆጠራውን ረስቷል። ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቁጥሮቹን በአንድ አሃድ መጻፍ። 0.6 ማለት 60 መቶኛ ነው፤ 45 መቶኛ ከዚያ ያንሳል። 0.3 ማለት 30 መቶኛ ነው፤ 34 መቶኛ ከዚያ ይበልጣል። በመጨረሻ ዜሮ መጨመር ዋጋ አይለውጥም የሚለው ደንብ ከ3/10 ወደ 30/100 ከመሄድ የተለየ ነገር አይደለም፤ እዚያ አቻ ክፍልፋይ ብለን ያስተማርነውን እዚህ በሌላ ስም እንደ አዲስ ማቅረባችን ተማሪውን ይጎዳዋል።

አሁን ከክፍልፋይ ወደ አስርዮሽ የሚወስደውን መንገድ በእርጋታ እንመልከት። 3/8ን ለመለወጥ 3ን ለ8 እናካፍላለን። ለምን? ሦስት ሙሉዎች ለስምንት ሲካፈሉ ለእያንዳንዱ አንድ ሙሉ እንኳ አይደርስም፤ ስለዚህ ሦስቱን ሙሉ በ30 አሥረኛ እንመነዝራለን። 30 አሥረኛ ለስምንት ሲካፈል 3 አሥረኛ ይደርሳል፤ 6 አሥረኛ ይቀራል። ቀሪውን በ60 መቶኛ እንመነዝራለን፤ 7 መቶኛ ይደርሳል፤ 4 መቶኛ ይቀራል። ይህም 40 ሺህኛ ነው፤ ለስምንት ሲካፈል 5 ደርሶ ምንም አይቀርም። መልሱ 0.375 ነው። በረጅሙ የማካፈል ስሌት ውስጥ «ዜሮ አውርድ» እያልን በቃል የምናልፈው እያንዳንዱ እርምጃ፣ ቀሪውን በአሥር እጥፍ ወደሚያንስ አሃድ መመንዘር ነው።

እዚህ ቦታ አንድ ጥያቄ መነሳት አለበት፤ ምንዛሬው ሁልጊዜ ያለ ቀሪ ያልቃል ወይ? አያልቅም። መቼ እንደሚያልቅና መቼ እንደማያልቅ ማወቅ ደግሞ፣ በእኔ ዓይን፣ ከርዕሱ ሁሉ እጅግ ውብ የሆነው ክፍል ነው። 10 በ2 እና በ5 ብቻ ይሠራል፤ 100፣ 1000 እና ተከታዮቻቸውም እንደዚሁ። ስለዚህ አንድ ክፍልፋይ በመጨረሻ ቅልል አጻጻፉ ሆኖ ሳለ፣ የታህቱ ብቸኛ አካፋዮች (ማለትም ከ1 እና ከራሳቸው በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈሉት) 2 እና 5 ብቻ ከሆኑ አስርዮሹ ያልቃል፤ ሌላ ብቸኛ አካፋይ ካለው አያልቅም። 1/40ን ውሰዱ፤ 40 ማለት ሦስት ጊዜ 2 እና አንድ ጊዜ 5 ነው። ሁለት 5ዎች ስለሚጎድሉት ላዕሉንም ታህቱንም በ25 ብናባዛ 25/1000፣ ማለትም 0.025 ይሆናል። «በመጨረሻ ቅልል አጻጻፉ» ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ 21/56 ታህቱ ውስጥ 7 ስላለበት የማያልቅ ይመስላል፤ ሲቀልል ግን ቀደም ብለን የሠራነው 3/8 ሆኖ ይገኛል።

የማያልቁትስ ምን ይሆናሉ? 3ን ለ7 አካፍሉና ቀሪዎቹን ተከታተሉ። ከ30 ውስጥ 4 ደርሶ 2 ይቀራል፤ ከ20 ውስጥ 2 ደርሶ 6 ይቀራል፤ ከ60 ውስጥ 8 ደርሶ 4፣ ከ40 ውስጥ 5 ደርሶ 5፣ ከ50 ውስጥ 7 ደርሶ 1፣ ከ10 ውስጥ 1 ደርሶ 3 ይቀራል። 3 ግን የጀመርንበት ቁጥር ነው፤ ከዚህ በኋላ ሥራው ሁሉ ይደገማል፤ 0.428571428571 እያለ ይቀጥላል። ይህ የ7 የተለየ ጠባይ አይደለም። ለ7 ስናካፍል ሊቀሩ የሚችሉት ከ0 እስከ 6 ያሉት ብቻ ናቸው፤ ዜሮ ከቀረ ስሌቱ ያልቃል፤ ካልቀረ ቢበዛ በስድስት እርምጃ ውስጥ ከቀሪዎቹ አንዱ መመለሱ አይቀርም። በዚህ መሠረት ማንኛውም ክፍልፋይ ወይ የሚያልቅ ወይ የሚደጋገም አስርዮሽ አለው፤ ሦስተኛ ዕጣ የለውም። ይህን ለማረጋገጥ ከማካፈል ሌላ ዕውቀት አለመጠየቁ፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሙሉ የሒሳብ ማረጋገጫ ልናሳየው ከምንችልባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ያደርገዋል፤ ባይታለፍ እመኛለሁ።

ማለቅና አለማለቅ የቁጥሩ ባሕርይ ሳይሆን ቁጥሩ ከተመረጠው አሃድ ጋር ያለው ግንኙነት መሆኑንም ልብ በሉ። ባቢሎናውያን በ60 ይቆጥሩ ነበር፤ 60 ደግሞ ከ2 እና ከ5 በተጨማሪ 3ንም ይይዛል። በእኛ አጻጻፍ 0.333 እያለ የማያልቀው ሲሶ፣ በእነርሱ አጻጻፍ 20 ስልሳኛ ሆኖ በአንድ እርምጃ ያበቃል። 7 ግን በ60 ውስጥም ስለሌለ ለእነርሱም አላለቀላቸውም፤ የተለመዱት የባቢሎን የማካፈያ ሠንጠረዦች 7ን ዘለው የሚያልፉትም ስለዚህ ነው። የእነርሱ አሃድ ዛሬም በሰዓት አቆጣጠር ውስጥ ከእኛ ጋር ስላለ፣ 2.25 ሰዓት ማለት 2 ሰዓት ከ25 ደቂቃ የሚመስላቸው ሰዎች ያጋጥሙናል። ከነጥቡ በስተቀኝ ያለው 25 መቶኛ ነው፤ የሰዓት ሩብ፣ ማለትም 15 ደቂቃ። መቶኛንና ስልሳኛን እንደ አንድ አሃድ ማንበብ ነው ስህተቱ።

ኮምፒውተር ደግሞ በ2 ብቻ ይቆጥራል። 10 ውስጥ ያለው 5 በእርሱ አሃዶች ውስጥ ስለሌለ፣ ለእኛ 0.1 ተብሎ የሚያልቀው አንድ አሥረኛ ለኮምፒውተር የማያልቅ ነው፤ የሆነ ቦታ ላይ መቆረጥ አለበት። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት ወቅት፣ በሳውዲ ዓረቢያ ዳህራን የነበረ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ሥርዓት ጊዜን በሰከንድ አሥረኛ ይቆጥር ነበር፤ አንድ አሥረኛን የሚያስቀምጠው ግን በ24 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚጻፍባቸው 24 ቤቶች፣ ቆርጦ ነው። በእያንዳንዱ ቆጠራ የሚጎድለው 0.000000095 ገደማ ነበር። ሥርዓቱ ሳይጠፋ 100 ሰዓት ያህል ሲሠራ 3,600,000 አሥረኛ ሰከንዶችን ቆጥሯል፤ ሁለቱን ብታባዙ የሰዓቱ ስህተት 0.34 ሰከንድ ገደማ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በዚያ ጊዜ ውስጥ፣ ኢራቅ የተኮሰችው ዓይነት የስከድ ሚሳይል ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ሥርዓቱ ሚሳይሉን በተሳሳተ ቦታ ስለፈለገው ሊያከሽፈው አልቻለም፤ 28 ወታደሮች ሞቱ። በ1/10 እና ለ1/10 እጅግ በሚቀርብ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከተማሪ ደብተር ውጭም ክብደት እንዳለው ከዚህ የባሰ ምስክር አላውቅም።

ከሚደጋገም አስርዮሽ ወደ ክፍልፋይ መመለስ የሚቻለው ድግግሞሹን በራሱ በማጥፋት ነው። 0.272727 እያለ የሚቀጥለውን ቁጥር «ሀ» እንበለው። መቶ እጥፉ 27.272727 እያለ ይቀጥላል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ጭራ በሁለቱም አንድ ነው። ስንቀንስ ጭራው ይጠፋል፤ 99 ጊዜ ሀ 27 ይሆናል፤ ሀ ደግሞ 27/99፣ ሲቀልል 3/11 ነው። በዚሁ መንገድ 0.999 እያለ ያለ ማብቂያ የሚቀጥለው ቁጥር ልክ 1 መሆኑ ይወጣል፤ አሥር እጥፉ 9.999 እያለ ሲቀጥል፣ ራሱ ሲቀነስለት 9 ጊዜ ሀ 9 ይሆናልና። ብዙ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸገራል። አንድ ብዛት በአስርዮሽ ሁለት አጻጻፍ ሊኖረው እንደሚችል መቀበል ግን 1/2 እና 2/4 አንድ ብዛት መሆናቸውን ከመቀበል የሚከብድ መሆን የለበትም።

ፐርሰንት ነፃነቱን ከሁሉም ይበልጥ ይገድባል፤ አሃዱ መቶኛ ብቻ ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ በጨረታ በሚሸጥ ንብረት ላይ የጣለው ግብር ከመቶ አንድ ነበር፤ መቶን የጋራ መለኪያ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። አስርዮሽን ወደ ፐርሰንት ለመለወጥ በ100 ማባዛት ይባላል፤ አነጋገሩ ግን መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። 0.375 በ100 ሲባዛ 37.5 ይሆናል፤ 37.5 ደግሞ ሌላ ቁጥር ነው። እኛ የምናደርገው በ100% ማባዛት፣ ማለትም በ1 ማባዛት ነው፤ ብዛቱ ባለበት ይቆያል፤ አሃዱ መቶኛ ሲሆን ቆጠራው 37.5 ይሆናል። ምልክቱ ከቁጥሩ ከተለየ ትርጉሙ ይፈርሳል፤ 0.5 ግማሽ ነው፤ 0.5% ግን የመቶኛ ግማሽ፣ ማለትም 0.005 ወይም 1/200 ነው። በሌላው ጫፍ 250% ማለት 2.5 ነው፤ ከመቶ በላይ የሆነ ፐርሰንት ሁሉ ስህተት ነው የሚለው የተለመደ እምነት መሠረት የለውም።

ሦስቱ አጻጻፎች ተደባልቀው ሲመጡ ጥንቃቄ የሚሻው ማጠጋጋት ነው። 5/6፣ 0.83፣ 83.3% እና 21/25 ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩ ብንባል፣ 5/6ን ቸኩሎ 0.83 ብሎ የጻፈ ሰው ሁለቱን ቁጥሮች እኩል ያደርጋቸዋል። ሁሉንም እስከ ሦስተኛ ቤት ብንጽፍ 83.3% 0.833 ነው፤ 5/6ም ከተጠጋጋ 0.833 ነው፤ አሁንም እኩል ይመስላሉ። 5/6 ግን 0.8333 እያለ ስለሚቀጥል ይበልጣል፤ አሃዳችንን 1/3000 አድርገን ብንቆጥር 5/6 2500፣ 83.3% ደግሞ 2499 ነው። ቅደም ተከተሉ 0.83፣ 83.3%፣ 5/6፣ 21/25 ይሆናል። እንደዚህ ቁጥሮቹ ተቀራርበው ሲመጡ ወደ ክፍልፋይ መመለስ ይሻላል፤ ክፍልፋይ አይቆረጥም፤ አይጠጋጋምም።

የፐርሰንት ዋናው ፈተና ግን ከስሌቱ ይልቅ «የምን?» የሚለው ጥያቄ ነው። አንዲት ተማሪ ከ40 ጥያቄዎች 30፣ ሌላው ከ60 ጥያቄዎች 42 ቢመልሱ፣ እርሷ 75% እርሱ 70% አግኝተዋል፤ በቁጥር ብዙ የመለሰው ግን እርሱ ነው። ሁለቱም አባባሎች እውነት ናቸው፤ የሚመልሱት የተለያየ ጥያቄ ነው። መሠረታቸው የተለያየ ፐርሰንቶችን ደምሮ ለሁለት ማካፈልም አይሠራም። 20 ሰዎች ካሉበት ቡድን 50%፣ 80 ሰዎች ካሉበት ደግሞ 80% ቢደግፉ፣ ደጋፊዎቹ 10 እና 64፣ በድምሩ 74 ናቸው፤ ከ100 ሰዎች 74%። 50 እና 80 ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ የሚገኘው 65% የማንም አይደለም። አንድ መጠን ከ4% ወደ 6% ሲያድግ ደግሞ፣ «በ2 ፐርሰንት አደገ» የሚለው አነጋገር ሰሚውን ያሳስታል፤ ጭማሪው 2 የፐርሰንት ነጥብ ነው፤ ከነበረበት ጋር ሲወዳደር ግን በግማሽ፣ ማለትም በ50% አድጓል።

በጎ ጎኑም ሊነገር ይገባል። ከ25 ላይ 8 በመቶው ስንት ነው ተብሎ የሚጨነቅ ሰው ከ8 ላይ 25 በመቶው ስንት ነው ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ወዲያው 2 ይሆንለታል። ሁለቱም 8 በ25 ተባዝቶ ለመቶ የተካፈለ ስለሆኑ እኩል ናቸው።

በመጨረሻ ወደ መጨመርና መቀነስ ልምጣ። አንድ መጠን በ20% ጨምሮ ከዚያ በ20% ቢቀንስ ወደነበረበት አይመለስም፤ 1.2 በ0.8 ሲባዛ 0.96 ነው፤ 4% ጎድሏል። ምክንያቱ ሁለተኛው 20% የሚለካው ካደገው መጠን መሆኑ ነው። በ25% ጨምሮ በ20% ቢቀንስ ግን ልክ ወደነበረበት ይመለሳል። በፐርሰንት ሲጻፉ 25 እና 20 ለምን እንደሚካካሱ አይታይም፤ በአስርዮሽ 1.25 በ0.8 ብናባዛ 1 መሆኑን እናገኛለን፤ ምክንያቱን ግን አሁንም አናይም። በክፍልፋይ ስንጽፈው በ1/4 መጨመር በ5/4 ማባዛት፣ በ1/5 መቀነስ በ4/5 ማባዛት ነው፤ አንዱ የሌላው ተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህም በ1/3 የጨመረ በ1/4፣ በ1/2 የጨመረ በ1/3፣ በእጥፍ ያደገ በግማሽ ሲቀንስ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ የተጨመረው ክፍልፋይ ላዕል 1 ከሆነ፣ የሚቀነሰው ክፍልፋይ ታህት ከተጨመረው ታህት ሁልጊዜ በአንድ ይበልጣል።